የዘገየው እጅ መንሻ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ ለእትዬ ኔስታ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽ ኤይንዮንስ እንደምን አለ? በላክሽልን ፎቶግራፍ ላይ ዓይኗን ጨፍና የወጣችው ልጅሽስ ጥርስ አወጣች? ዘንድሮ ወንዙ ሞልቶ ስንዴያችሁን አልወሰደባችሁም? እዚያ ፓታጎንያ አሁን በጋ ነው ብለው አስተምረውናል። እዚህ ተራራው ነጭ ሆኗል፤ ጠዋት ጠዋት የውኃ ባልዲውን በረዶ በመዶሻ እየሰበርን ነው የምንቀዳው። እኛ ደኅና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከርኩና ተውኩት። ደኅና አይደለንም። ሆኖም ሁላችንም በሕይወት አለን፤ ትንሿ እህታችን ኤኒድም ሳሏ ለቋታል።

እግዚአብሔር ያጽናሽ እትዬ። ቴሌግራሙ እንደደረሰሽ ኤይንዮን ጽፎልናል። ግን ቴሌግራም አጭር ነው፤ ጌቲን በድንጋይ ካባው አደጋ አረፈ ከማለት በቀር እንዴት እንደሆነ አይናገርም። አንቺ በጀርባሽ ያዘልሽው ወንድምሽ ነው፤ ሳታውቂ መቅረትሽ አይገባም። እማዬ ጻፍላት ስትለኝ፣ አባባ ደግሞ ቆይ ሲሉኝ ይኸው ዲሴምበር ገባ። ትናንት አባባ ራሳቸው ወረቀትና ቴምብር ገዝተው መጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ።  ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

በካባው ያለው አሠራር አንቺ ስትሄጂ እንደነበረው ነው። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ሹሙ ካራዶግ በእርከኖቹ ላይ እየዞረ ለየቡድኑ የሚፈልጡትን የድንጋይ ግድግዳ ይመድባል። ንጹሕ የጣሪያ ድንጋይ የደረሰው ወሩን በልቶ ያድራል፤ የተሰባበረው የደረሰው ፍርስራሽ ሲዝቅ ይከርማል። ንጹሑ ለማን እንደሚደርስ ታውቂዋለሽ። ገና ሲቃረብ የካራዶግ ጓሮ በር አይዘጋም፤ ዝይው፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ ሁሉ በዚያ ይገባል።

ባለፈው ዓመት አሳማችንን ስናርድ እማዬ እንደ ወትሮዋ ሁለቱንም ታፋዎች በጨው አሽታ አንዱን ለቤት አደረገች፤ ሁለተኛውን በነጭ ሻሽ ጠቅልላ ከወራጁ ላይ ለብቻው ኩላብ ሰቀለችው። ጌቲን ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ቀና ብሎ አየና «ይሄ ቁስለኛ ደግሞ የማን ነው?» አላት። ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ ቀልዱ ሁሉ እንዲያ ነበር። «የማን እንደሆነ ታውቃለህ» አለችው። «እኔ አላውቀውም። ከእኛው ጋር ያገግም» አላት። ማንም አያይም እኮ፣ ሲመሽ በጓሮ በኩል ነው የማደርሰው ብትለው፣ «እማዬ፣ በፊት በር የማይገባ ስጦታ ምን ዓይነት ስጦታ ነው?» አለ። አባባ ጋዜጣቸውን አጥፈው «ልጁ ልክ ነው ሎውሪ፤ ተይው» አሉ። በዚያ ገና ከእኛ ቤት ወደ ካራዶግ ምንም አልሄደም። ታፋው ኩላቡ ላይ ቀረ። እማዬም አልቆረጠችውም፤ ጌቲን አንድ ቀን ሐሳቡን ይለውጣል ብላ ትጠብቅ ነበር።

በጁን፣ በንጉሡ ልደት ቀን፣ የካባው ባለቤት ሚስተር ፔንሪ ሰር ሞስቲን ፔንሪ ተብሎ አደረ። የፈረሰኝነት ማዕረጉን ያገኘው «ለሠራተኞቹ ሐኪም ቤት በማበርከቱ» ነው ይላል ጋዜጣው። ያ ሐኪም ቤት ማለት ከአባባና ከጓደኞቻቸው ደመወዝ በየወሩ እየተቆረጠ የሚሠራው ነው፤ አንቺ ስትሄጂ ግድግዳው ወገብ ደርሶ ነበር። አሁን ግድግዳው አልቋል። ጣሪያ ግን የለውም። ለግማሽ ዓለም ጣሪያ የሚፈልጥ አገር፣ ለራሱ ሐኪም ቤት ጣሪያ አጣ። ዝናብ ሲመጣ በጎች ይጠለሉበት ይመስል ይገባሉ፤ እነሱም ይበሰብሳሉ። እኛ ተማሪዎቹ የወረቀት ባንዲራ ተሰጥቶን መንገድ ዳር ተሰልፈን ዘመርን። ዘነበና የባንዲራው ቀለም እጃችን ላይ ለቀቀ። መኪናው አልቆመም።

ማዕረጉ የተገዛ መሆኑን ቀድሞ ያወራው ጫማ ሰፊው ሮቢን ነው። ነጭ ጓንት ያጠለቀ ደላላ ከለንደን መጥቶ ከፔንሪ ጋር በሆቴሉ ምሳ ሲበላ አሳላፊው ሰምቶ ነግሮታል። ሮቢን የአባባን ጫማ እየጠገነ «ለዚያ ሁሉ ገንዘብማ ፈረሱንም መጨመር ነበረባቸው፤ ፈረስ የሌለው ፈረሰኛ ምኑ ነው?» አለና ሱቁ በሳቅ ሞላ። አባባ አልሳቁም፤ የሰው ስም አታጥፋ አሉት። በበጋው ግን ነገሩ በምክር ቤት ፈነዳ፤ ማዕረግ እንደ ገበያ ዕቃ ዋጋ ወጥቶለት ለብዙዎች ሲሸጥ እንደኖረ፣ ገንዘቡም ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርቲ ካዝና እንደሚገባ ጋዜጣው በየቀኑ ይጽፍ ጀመር። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመረጡት ፓርቲ ነው። ከምድጃው በላይ የሰቀሉትን የጠቅላይ ሚኒስትሩን ሥዕል አላወረዱትም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞሩት። እማዬ አቧራውን ስትጠርግ እንደዞረ ትተወዋለች።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ደረስኩ። በካባው የምሳ ጎጆ ውስጥ አባባ አሁንም ሰብሳቢ ናቸው። እንደ ድሮው ሻይ እየጠጡ ጋዜጣ ይነበባል፣ ርእስ ወጥቶ ክርክር ይደረጋል፣ ያለ ሰብሳቢው ፈቃድ ማንም አይናገርም። በጁላይ አንድ ቀን የወጣው ርእስ «ከሻጩና ከገዢው ማን ይብሳል?» የሚል ነበር። የነገረኝ ሃወል ነው፣ ከጌቲን ጋር ግድግዳው ላይ በአንድ ገመድ ተንጠልጥሎ የሚሠራው ጓደኛው። ሰው ሁሉ በለንደን ሲስቅ ጌቲን እጁን አወጣ። አባባ «ጌቲን ኤሊስ፣ ተናገር» አሉት። ተነሣና «በለንደን ለመሳቅ መብት የለንም፤ እዚያ በወርቅ የሚሸጠው እዚህ በቅቤ ይሸጣል። እነሱ ስም ይገዛሉ፤ እኛ ደግሞ ጎረቤታችንን ከመጥፎ ግድግዳ ሥር የምንጥልበትን ፈቃድ እንገዛለን» አለ። ማንም አላጨበጨበም ይላል ሃወል። ሁሉም ወደ ሻዩ አጎነበሰ። ከመካከላቸው አንዱ ነገሩን ሳይመሽ ለካራዶግ አድርሶታል።

እማዬ በሰማች ጊዜ ወንበር ላይ ወጥታ ታፋውን ከኩላቡ አውርዳ ጌቲን ፊት አስቀመጠችው። «አሁኑኑ ይዘህ ሂድ፤ ካፈርክ እኔ እሄዳለሁ» አለችው። ጌቲን ሳማትና ታፋውን መልሶ ሰቀለው። «ይሄ ሰውዬ እዚህ ቤት ከእኔ የበለጠ ተወዷል» አለ። ኤኒድ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

በኦገስት የመጀመሪያ ሰኞ ካራዶግ ለጌቲንና ለሃወል ከተሰነጠቀው ግድግዳ ሥር ያለውን መደበላቸው። ያንን ግድግዳ ለዓመታት ለማንም አልመደበውም ነበር። ሃወል «ይሄ እኮ ይወርዳል» ቢለው «የማትፈልጉ ከሆነ በር ላይ የሚጠብቅ ሞልቷል» አላቸው። ሃወል ልጆች አሉት። ገቡበት። ሴፕቴምበር ላይ ከብዙ ዝናብ በኋላ ፀሐይ የወጣ ዕለት ግድግዳው ወረደ። ሃወል ሽብልቅ ሊያመጣ ወጥቶ ነበር።

ጌቲንን ሲያወጡት ነፍሱ ነበረች። በቃሬዛ አድርገው ወደ ከተማው ሐኪም ሲወስዱት መንገዱ በዚያ ጣሪያ በሌለው ሐኪም ቤት ደጃፍ ነው የሚያልፈው። ተሸካሚዎቹ ትከሻ ለመለወጥ እዚያው ቆሙ፤ ሌላ የሚያሳርፍ ሜዳ የለም። ጌቲን ዓይኑን ገልጦ አየውና ለሃወል «ጣሪያ ሲያወጡለት ቀስቅሰኝ» አለው። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ አረፈ። እኔ የላቲን ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ርእሰ መምህሩ በሩን ከፍቶ ስሜን ጠራኝ።

ቀብሩን ታውቂዋለሽ እንዴት እንደሚሆን። ካባው ተዘጋ፤ ወንዶቹ ከደጃችን ጀምረው እስከ መቃብሩ እየዘመሩ ሸኙት፤ ሴቶቹ ከእማዬ ጋር ቤት ቀሩ። ስንመለስ ጠረጴዛው ተዘርግቷል፤ ሻይ፣ ዘቢብ ያለበት ዳቦ፣ ቅቤ። ከመካከሉ ትልቁ ሳሕን ላይ ታፋው ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ኩላቡ ባዶውን ነው። ሌሊቱን ቀቅላው ነበር። በቀብር ዕለት የታፋ ሥጋ መቅረቡ ወግ ነውና ከእኛ ቤት ሰዎች በቀር ማንም ልብ አላለውም። አባባ ግን አዩት፤ ኮፍያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ሰዉ በልቶ ሳይጨርስ ሰር ሞስቲንና ካራዶግ ገቡ። ጌታው ወደ ሠራተኛ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ሁሉም ተነሡ። ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ይስተናገዳልና እማዬ ወንበር ሰጠቻቸው። ቢላዋውን አንሥታ ለጌታው ቆረጠችለት። ከዚያ ለካራዶግ ከሁሉ የሚበልጠውን ወፍራሙን ቆርጣ ፊቱ አኖረችና፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ፣ «ብላ ካራዶግ፤ ያንተው ነው። ለገና ሊመጣልህ ነበር፤ ዘገየብህ» አለችው።

እትዬ፣ ካራዶግ ሹካውን ያዘ፣ መልሶ አስቀመጠው፤ ፊቱ እንደ ጭቃ ሆነ። ሰር ሞስቲን ግን ምንም አልገባውም። ከእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ተምሮ የመጣ ሰው የእኛን የጓሮ በር ከየት ያውቀዋል? ሁለቴ ሦስቴ ጎረሰና «እመቤት፣ እንዲህ ያለ ታፋ ቀምሼ አላውቅም፤ ካራዶግ፣ አትበላም እንዴ?» አለ። ካራዶግ «አሞኛል ጌታዬ» አለው። ጌታው አፉን ጠርጎ ሐኪም ቤቱ በቅርቡ እንደሚከፈት፣ በደጃፉ በሚቆመው ድንጋይ ላይ ከእሱ ስም በታች የጌቲን ስም እንዲቀረጽ ማሰቡን ተናገረ። ቤተ ሰቡ በምረቃው ቢገኝ ጋዜጠኞችም ደስ ይላቸዋል አለ። አባባ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እማዬ ቀደመቻቸው። «ልጄ ስም አለው፤ ስናጠምቀው በነፃ ነው ያወጣንለት» አለችው። ሰር ሞስቲን ዙሪያውን አየ። ኮፍያውን ያቀበለው ሮቢን ነው።

ሰዎቹ ሁሉ ሲሄዱ እማዬ ለአባባ አንዲት ነገር ብቻ ተናገረች፤ «ተናገር ያልከው አንተ ነህ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው ንግግር የለም። ምግብ ታቀርባለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች፤ ሻዩን ግን በራዱን ጠረጴዛ ላይ አኑራላቸው ትሄዳለች እንጂ አትቀዳላቸውም። አባባ የምሳ ጎጆውን ሰብሳቢነት ትተዋል። ከጌቲን ቦታ ገብተው ከሃወል ጋር ገመድ ይዘዋል፤ በዚህ ዕድሜያቸው። ትምህርቴን ትቼ እኔ ልግባ ብዬ ብለምናቸው ጮኹብኝ፤ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። በጌቲን ጫማ ነው ትምህርት ቤት የምሄደው። ትንሽ ይሰፋኛል፤ ጋዜጣ እጠቀጥቅበታለሁ።

በኦክቶበር መንግሥቱ ወደቀ። ሰው እርስ በርሱ ይጨባበጥ ነበር፤ እኔም ለአባባ ሮጬ ነገርኳቸው። አባባ «ሰር ሞስቲንስ?» ብለው ጠየቁኝ። ሰር ሞስቲን እንደሆነ ነው አልኳቸው። ሮቢን «የከፈለበትን ዕቃ ማን ያስመልሰዋል» አለ። የትምህርት ቤታችን ሽልማትም የሚሰጠው ሰር ሞስቲን ነው። ርእሰ መምህሩ እንግሊዝኛዬ ጥሩ ስለሆነ በዚያ ቀን በተማሪዎቹ ስም ምስጋና እንዳቀርብለት ጠይቆኛል። አባባን ምን ላድርግ ብላቸው «ከእንግዲህ ማንንም ሰው ተናገርም አትናገርም አልለውም» አሉኝ። መልስ ገና አልሰጠሁም። አንቺ ምን ትያለሽ? መልስሽ ሳይደርስ ቀኑ እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ ግን መጠየቁ ራሱ ያቀልልኛል።

ባለፈው ወር ደግሞ አሳማ አረድን። እማዬ ሁለቱንም ታፋዎች በሻሽ ሳትጠቀልል ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው። ነገር ግን የምደባው ሰኞ ሲቃረብ ዓይኗ ከአባባ ላይ አይነሣም ነበር፤ ሲወጡ እስከ መታጠፊያው ታያቸዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት አባባ የጸሎት ቤት ኮታቸውን ለብሰው መጡና አንዱን ታፋ አወረዱ። ልሸፍንልዎት ብላቸው አያስፈልግም አሉኝ። ትከሻቸው ላይ አድርገው በዋናው መንገድ፣ በጠራራ ቀን፣ በሮቢን ሱቅና በጸሎት ቤቱ ደጃፍ አልፈው ሄዱ። ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው። ሰዎች በራቸው ላይ ወጥተው ያያሉ፤ አንድ ልጅ ሊስቅ ሲል እናቱ ጎትታ አስገባችው። አባባ ጓሮ በር ሄደው የማያውቁ ሰው ናቸው እትዬ። አሁንም አልሄዱም፤ የካራዶግን የፊት በር አንኳኩ።

ካራዶግ ራሱ ከፈተ። አባባ «ሽማግሌ ነኝ፣ ሚስቴ አንድ ቀብር ይበቃታል» አሉት።  ካራዶግ ታፋውን አይቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «መልሰው ኤሊስ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽታው እንኳ አይሆንልኝም፤ ለእግዚአብሔር ብለህ መልሰው» አለና በሩን ዘጋው። አባባ ታፋውን ተሸክመው በመጡበት መንገድ ተመለሱ። እማዬ መልሰው ሲሰቅሉት አየች። 

ከትናንት በስቲያ ሰኞ ምደባው ነበር። ሲመሽ አባባ ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። እማዬ ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው «የት ደረሳችሁ?» አለች። ስንት ጊዜ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ነው። አባባ «የምሥራቁን ግድግዳ ሰጠን» አሉ። በካባው ሁሉ ከዚያ የሚበልጥ ንጹሕ ድንጋይ የለም፤ እማዬ ካገባች ጀምሮ የተመኘችው ግድግዳ ነው። ዞር ብላ «ምን ወሰደ?» አለቻቸው። «ምንም አልወሰደም» አሉ አባባ። ቆይተው ደግሞ «ተከፍሎበታል» አሉ።

ሃወል ልጆች ባይኖሩት እምቢ እል ነበር ብለውኛል በኋላ።  እማዬ የሻዩን በራድ አንሥታ ራሷ ቀዳችላቸው። ከዚያ ኤኒድን ላምባውን ያዢልኝ ብላ ያን ታፋ አወረደችና ለሁለት ቆረጠችው። ግማሹን ለሃወል ልጆች ውሰድ አለችኝ። ልወጣ ስል «በፊት በር» አለችኝ።

ሌላ ወሬ የለኝም። እማዬ ልጅሽን ሳሚልኝ ትልሻለች፤ የሠራችላት የሱፍ ካልሲ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። አባባ ለአንቺም ለኤይንዮንም ሰላምታ ያቀርባሉ፤ የጌቲንን ፎቶግራፍ እዚያ ቤት ብርሃን የሚገባበት ቦታ እንድትሰቅዪው አደራ ብለዋል። ኤኒድ እዚያ በእርግጥ ሰጎን አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ሃወልና ሚስቱ እጅ ይነሣሉ፤ ሮቢንም እንዲሁ። ለኤይንዮን እናት፣ ለወንድሞቹ፣ ለዚያ ሸለቆ የአገራችን ሰዎች ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ልጅሽን በግንባሯ ሳሚልኝ፤ ያልተገዛ ስም ያለው አጎት እንደነበራት ስታድግ ንገሪያት።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ
ኢድዋል ኤሊስ

ሪድ ጋረግ፣ ሰሜን ዌልስ
ዲሴምበር 6 ቀን 1922